ወርቅ ፍለጋ ወጥተው ውሃ ያጡ ሰዎች

አንድ ሊትር ከሰባት ዴሲ ሊትር ውሃ ብዙ አይደለም። ከአምስት የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እምብዛም አይበልጥም፤ እንግዳ በበዛበት ቤት ለአንድ የምሳ ገበታ ስንኳ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1931 በጃንዋሪ ወር መጨረሻ ግን አንድ ሰው ይህንኑ ያህል ውሃ ይዞ፥ በማእከላዊ አውስትራልያ በረሃ ውስጥ ከሚገኝ ዋሻ ወጥቶ፥ 140 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ ተራራ በእግሩ ለመሄድ ተነሣ። ዓይኖቹ ታመው ማየት ተስኖታል፤ ከረኃብ የተነሣም ሥጋው አልቆ አጥንቱ ቀርቷል። ሆኖም ይህ ሰው እንደ ራሱ አነጋገር ከዓለም ባለጸጎች አንዱ ነበር፤ በብዙ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር የወርቅ ጅማት ያለበትን ስፍራ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ይል ነበርና።

የሰውዬው ስም ሉዊስ ሐሮልድ ቤል ላሴተር ይባላል። በአውስትራልያ ስሙ የታወቀ ነው፤ በእኛ አገር ግን ታሪኩ ብዙ አልተነገረም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ስናቀርበው ጀብዱውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። አይሮፕላንና ካሚዮን፥ ገንዘብና ባለሙያ የተሟላለት ጓድ በጥቂት ወራት ውስጥ እንዴት ሊበተን ቻለ? የሚለው ጥያቄ በወንበር ላይ ተቀምጠው ፋይል ለሚያገላብጡም ሰዎች የሚጠቅም ትምህርት ስላለው ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አንድ ሰው፥ ሁለት ቃል

ላሴተር የተወለደው በ1880 በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ነው። በኑሮው ልዩ ልዩ ሥራ የሞከረ፥ በአንዱም ያልረጋ ሰው ነበር። በኦክቶበር 1929 ካልጉርሊ ከተባለው የወርቅ ከተማ ተመርጦ በፓርላማ ለተቀመጠው ለአልበርት ግሪን አንድ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም ከ18 ዓመት ጀምሮ በማእከላዊ አውስትራልያ እጅግ ትልቅ የወርቅ ጅማት መኖሩን እንደሚያውቅ፥ ችግሩ ግን የውሃ መሆኑን፥ ውሃውንም ከሩቅ በቧንቧ ማምጣት እንደሚያስፈልግ ገለጠ። መንግሥት ነገሩን ከምር ሳይወስደው ቀረ።

በሚከተለው ዓመት በ1930 ላሴተር በሲድኒ ከተማ የአውስትራልያ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ወደ ነበረው ወደ ጆን ቤይሊ ዘንድ ሄደ። አሁን የተናገረው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ወርቁን ያገኘሁት ከ33 ዓመት በፊት፥ በ1897፥ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው አለ። ብቻውን በፈረስ በረሃውን ሲያቋርጥ መንገድ ጠፍቶት፥ ፈረሶቹም ሞተውበት፥ ሊሞት ሲል አንድ ግመል ነጂ አግኝቶ እንዳዳነው፥ የግመል ነጂውም ሃርዲንግ ወደሚባል ቀያሽ እንዳደረሰው ተረከ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከቀያሹ ጋር ተመልሰው ስፍራውን አግኝተው በመሣሪያ ለኩ፤ ዳሩ ግን ሰዓታቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ስለ ነበር ልኩ ሁሉ ተበላሸ አለ።

እዚህ ላይ ተማሪ የሆኑ አንባቢዎቻችን ጥቂት ሒሳብ እንዲያደርጉ እንጋብዛለን። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፥ በአራት ደቂቃም አንድ ዲግሪ ትዞራለች። ያለ ምልክት ምድር ውስጥ የሚሄድ ቀያሽ ኬንትሮሱን የሚያገኘው በሰዓት ነው። በማእከላዊ አውስትራልያ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ሰዓት በአንድ ሰዓት ቢሳሳት ስፍራው ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ይዛነፋል ማለት ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ካለው የአየር ርቀት ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ይዞ ወርቅ መፈለግ፥ በጎተራ ሙሉ ጤፍ ውስጥ አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ ከመፈለግ በምን ይሻላል?

ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ፥ «18 ዓመት ነው ወይስ 33?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጸሐፊ ቢገኝ ኖሮ ምናልባት የሚከተለው መከራ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ለምን አመኑት?

ያመኑት ሰዎች ሞኞች ነበሩ ብሎ ማለፍ ግን ፍርድ ማዛባት ነው። አንደኛ፥ ጊዜው ክፉ ነበር። ዓለምን ያናወጠው የኢኮኖሚ ውድቀት አውስትራልያንም ይዟት ፋብሪካዎች ይዘጉ፥ ሠራተኛውም በየመንገዱ ይፈስ ጀምሮ ነበር፤ በ1932 ከአሥር ሠራተኞች ሦስቱ ያህል ሥራ ፈት ሆነዋል። ሥራ ላጣ ሰው «በረሃ ውስጥ ወርቅ አለ» የሚል ወሬ እንደ ስብከት ይሰማል።

ሁለተኛ፥ ነገሩ ከዚህ በፊት ሆኖ ያውቃል። በ1893 በምዕራብ አውስትራልያ ደረቅ ምድር በካልጉርሊ ወርቅ ተገኝቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማ ቆሟል። ውሃ ባይኖርም በ1903 ከባሕር ዳርቻ አጠገብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ውሃ ተስቦ ገብቷል። እንግዲህ ይህን ያየ ሕዝብ «በረሃና ወርቅ አይገናኙም» ሊል አይችልም። ልዩነቱ በካልጉርሊ ወርቁ በእጅ ከተያዘ በኋላ ለውሃው መታሰቡ፥ በላሴተር ጊዜ ግን ወርቁም ውሃውም በአንድ ሰው አፍ ላይ ብቻ መሆናቸው ነው። አባቶቻችን ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

የሆነ ሆኖ በሲድኒ የማእከላዊ አውስትራልያ ወርቅ ፍለጋ ኩባንያ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ አክሲዮን ሸጠ። ስድስት ጎማ ያለው ቶርኒክሮፍት የተባለ ካሚዮን ተዘጋጀ፤ ጎልደን ኩዌስት፥ ማለትም «ወርቃማ ፍለጋ» የሚል ስም የወጣላት አንዲት ትንሽ አይሮፕላንም ተገዛች። መሪ ሆኖ የተመረጠው ፍሬድ ብሌክሊ ነበር፤ ይህ ሰው በ1908 ከጓደኞቹ ጋር በብስክሌት አውስትራልያን እስከ ሰሜኑ ዳርቻ እስከ ዳርዊን ያቋረጠ፥ በረሃውን የሚያውቅ የማዕድን ፈላጊ ነው። አይሮፕላኗን የሚነዳው ኤሮል ኩት፥ መንገድ መሪው ደግሞ ላሴተር ራሱ ነበር።

ካሚዮኑና አይሮፕላኗ

ጓዱ ጁላይ 21 ቀን 1930 ከአሊስ ስፕሪንግስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ጉዞውን ጀመረ። ለዚህች ትንሽ ከተማ የባቡር ሐዲድ ከደረሰላት ገና አንድ ዓመት መሆኑ ነበር። ከከተማይቱ ወዲያ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ቀይ አሸዋ፥ እንደ ጦር የሚዋጋ ሣር፥ ደረቅ ቁጥቋጦና የድንጋይ ሸንተረር ብቻ ነው። በአሊስ ስፕሪንግስ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 280 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ፀሐይና ነፋስ ሊያተኑት የሚችሉት ውሃ ግን የዚህ አሥር እጥፍ ግድም ይሆናል። ስለዚህ ዝናቡ ቢዘንብም በምድር ላይ አይቆይም።

ብዙ ሳይቆይ የመሣሪያው ብዛት ራሱ ሸክም ሆነ። አይሮፕላኗ እንድታርፍ ቁጥቋጦ መመንጠር፥ ሜዳ መደልደል ያስፈልጋል። እንድትበር ቤንዚን ያስፈልጋታል፤ ቤንዚኑን የሚያመጣው ካሚዮኑ ነው። ካሚዮኑ ደግሞ ራሱ ቤንዚን ይጠጣል፤ ሞተሩም ውሃ ይፈልጋል፤ ጎማውንም የተሰበረ ጉቶ ይወጋዋል። ወርቅ ፈልጉ ተብለው የተላኩት ሰዎች ቀኑን ሙሉ መንገድ ጠራጊዎችና ጎማ ጠጋኞች ሆነው ዋሉ። በዚህ መካከል ጎልደን ኩዌስት ተከሰከሰች፤ ነጂውም ቆስሎ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ተወሰደ። ከሰማይ ሆነን አገሩን እናያለን የተባለው ተስፋ በአንድ ቀን መሬት ላይ ወደቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በሰዎቹ መካከል የገባው ጥርጣሬ ነበር። ላሴተር ስለ መንገዱ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም ይቆጣል። ካምፑ ከተተከለበት ከኢልቢላ ወዲያ እስከ አንድ ተራራ ድረስ ከሄዱ በኋላ ላሴተር ተራራው ላይ ወጥቶ አገሩን አይቶ ሲመለስ፥ በጣም ወደ ሰሜን ርቀናል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ መውረድ አለብን አለ። ይህን የመሰከረው ብሌክሊ ነው። ለካሚዮን ማለፊያ በሌለበት አገር ይህን መስማት ምን ያህል እንደሚያናድድ ለማሰብ አያዳግትም። ብሌክሊ «ይህ ሰው ወርቁን ቀርቶ አገሩንም አያውቀውም» ብሎ ፈረደ። ሴፕቴምበር ላይ ጉዞው እንዲቆም አዝዞ ጓዱን ይዞ ተመለሰ።

ብቻውን የቀረው ሰው

ላሴተር ግን አልተመለሰም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፥ ዲንጎ የተባለውን የዱር ውሻ እያደነ የሚኖር ፖል ጆንስ የሚባል ጀርመናዊ ግመሎቹን ይዞ በዚያ ስለ ተገኘ ከእርሱ ጋር ወደ ደቡብ ቀጠለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ለዚያ ምድር የተሻለው አጓጓዥ ግመል እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ቤንዚን አይፈልግም፤ የበረሃውን ቁጥቋጦ ይበላል፤ ለብዙ ቀን ያለ ውሃ ይጓዛል። ግመል በአውስትራልያ የተለመደው ከ1860ዎቹ ጀምሮ ከነነጂዎቹ ከሕንድና ከአፍጋኒስታን አካባቢ በመርከብ እየመጣ ነው።

አንድ ቀን ላሴተር ብቻውን ቆይቶ ሲመለስ፥ ወርቁን አገኘሁት፤ ስፍራውን ግን አልነግርህም አለው። ጆንስ ውሸታም ነህ ቢለው ሁለቱ ሰዎች በዚያ ጭር ባለ ምድር ውስጥ ተደባደቡ። ከዚያ በኋላ ጆንስ የላሴተርን ደብዳቤ ይዞ ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ላሴተር ከሁለት ግመሎች ጋር ብቻውን ቀረ። በዚያው ሰሞን፥ በኖቬምበር 1930፥ በእኛ ዘመን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፥ አዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ታከብር ነበር፤ የዓለም ጋዜጠኞችም ወደ እኛ ይመለከቱ ነበር። በዚያ በረሃ ያለውን ሰው የሚያየው ግን አንድም አልነበረም።

አንድም ነጭ አልነበረም ብንል ይሻላል፤ የአገሩ ሰዎች ነበሩና። በዓመቱ መጨረሻ ግድም ሁለቱ ግመሎች ስንቁንና ጓዙን እንደ ተጫኑ ደንብረው ጠፉ። ላሴተር ሐል የተባለው የወንዝ መውረጃ ዳር ካለ አንድ ዋሻ ተጠጋ፤ በዚያም 25 ቀን ያህል ቆየ። ከኩባንያው ይመጣል ብሎ የጠበቀው ረድኤት አልመጣም። ኩባንያውም ፈጽሞ ዝም አላለም፤ ፒተንድሪና ሐምሬ የተባሉ ሁለት ሰዎች በሁለተኛይቱ ጎልደን ኩዌስት ሊፈልጉት ተነሥተው በዲሴምበር እነርሱም በበረሃው ውስጥ ጠፉ። የአየር ኃይል አይሮፕላኖች ሲፈልጓቸው ቆይተው በጃንዋሪ በሕይወት ተገኙ። ፈላጊ እንደገና ፈላጊ አስፈለገው ማለት ነው።

በዋሻው ውስጥ ላሴተር የዕለት ማስታወሻና ለባለቤቱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ወርቁን አግኝቼ ምልክት አድርጌበታለሁ ይላል። ዓይኑ እየጠፋ፥ ጉልበቱ እየደከመ መሄዱን ይናገራል። በመጨረሻም ያን በሚሊዮን የሚገመት ወርቅ ሁሉ በአንድ ዳቦ ለመለወጥ ፈቃደኛ እንደ ሆነ ጻፈ። ከዚህ የበለጠ የወርቅን ዋጋ የሚያሳይ ሒሳብ እኛ አላነበብንም።

ጃንዋሪ 25 ቀን ግድም ከኡሉሩ በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ ኦልጋ ተራራ ረድኤት ይጠብቀኛል ብሎ ተነሣ። በምድር ወገብ በስተ ደቡብ ላሉት አገሮች ጃንዋሪ የበጋው ጫፍ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት የሚራመድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር ውሃ በላብ ያጣል። በመጀመሪያው ላይ ያልነው አንድ ሊትር ከሰባት ዴሲ ሊትር ውሃ እንግዲህ የሁለት ሰዓት መንገድ ስንኳ አይሆንም። ላሴተር ግን 55 ኪሎ ሜትር ሄደ። እንዴት ሊሆን ቻለ ቢሉ፥ ከዚያው አገር ነዋሪዎች ከፒቻንቻቻራ ወገን የሆነ አንድ ቤተ ሰብ እየረዳው ስለ ነበር ነው። በመጨረሻው ጃንዋሪ 28 ቀን ግድም በ50 ዓመቱ ሞተ።

የማይታየው ሀብት

ይህን ታሪክ ስናነብ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ይህ ነገር ነው። ለእንግዳ ዓይን ባዶ በሚመስለው ምድር ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይሄዱ፥ ሽማግሌዎችም ያረጁ ነበር። የፒቻንቻቻራ ሕዝብና ጎረቤቶቹ በዚያ በረሃ እጅግ ብዙ ሺህ ዓመት ኖረዋል። ከዝናብ በኋላ ውሃ የሚያቁረው የድንጋይ ጉድጓድ የት እንዳለ፥ የትኛው የደረቀ ወንዝ አሸዋ ቢቆፈር ውሃ እንደሚያፈልቅ፥ የየትኛው ዛፍ ሥር ውሃ እንደሚይዝ ያውቃሉ። ከሣር ዘር ዱቄት ይፈጫሉ፤ ከዛፍ ሥር ትል አውጥተው ይበላሉ። ካርታቸው በወረቀት አልተጻፈም፤ የውሃውን ስፍራ ተራ በተራ እየጠራ ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ መዝሙርና ተረት ውስጥ ይኖራል። ሰዓቱ ዘግይቶ የሚበላሽም ካርታ አይደለም።

ኩባንያው አይሮፕላን ገዛ፤ ካሚዮን አሰናዳ፤ አክሲዮን ሸጠ። ለዚህ ዕውቀት ግን በዝግጅቱ ውስጥ ስፍራ አልሰጠም። ሁሉም «ወርቁ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «ውሃው የት ነው? የሚያውቀውስ ማን ነው?» ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም። ይህ ጥያቄ የተነሣው ግመሎቹ ከጠፉ በኋላ፥ መልሱም በልመና በሚገኝበት ጊዜ ነው። የበረሃው ሰዎች በበኩላቸው ለማያውቁት እንግዳ ለራሳቸው ከማይተርፈው ምግብ አካፈሉት፤ በመጨረሻም መንገዱ ላይ አልተለዩትም። ወርቅ አለ ከተባለበት ምድር በእርግጥ የተገኘው ሀብት ይህ ብቻ ነው።

በማርች 1931 ቦብ ባክ የተባለ የከብት አርቢና የግመል ጉዞ ዐዋቂ የላሴተርን አስከሬን አግኝቶ ቀበረው፤ ማስታወሻውም ከዋሻው ተገኘ። በዚያው ዓመት አየን አይድሪስ የተባለው ደራሲ የጻፈው «የላሴተር የመጨረሻ ግልቢያ» የተባለ መጽሐፍ እንደ እሳት ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ አያሌ ጓዶች፥ የገዛ ልጁ ሳይቀር፥ ወርቁን ሊፈልጉ ወደዚያ ወርደዋል። የምድር ዐዋቂዎችም አገሩን መርምረዋል። እስከ ዛሬ ላሴተር የተናገረውን የመሰለ የወርቅ ጅማት ያየ ሰው የለም። አስከሬኑ በ1958 ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ተዛውሮ ዐርፏል፤ ወደ ኡሉሩ የሚወስደውም የአስፋልት መንገድ በስሙ ይጠራል። በሕይወቱ መንገድ ላጣ ሰው ከሞተ በኋላ መንገድ ተሰጠው።

ላሴተር ውሸታም ነበር ወይስ በሕልሙ የታለለ? አስተያየት ሰጪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። እኛ ግን አንድ ነገር እናስተውላለን፤ ሰው ውሸት መሆኑን ለሚያውቀው ነገር ገንዘብ ይሰበስብ ይሆናል፥ በዋሻ ውስጥ በረኃብ እየሞተ ግን ለሚስቱ ስለ እርሱ አይጽፍም። ምናልባት ለሌላው የነገረውን ደጋግሞ ሲናገር ራሱም አመነው። ይህ ከውሸት ይብሳል፤ ውሸታም መቼ እንደሚመለስ ያውቃልና።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ብዙዎቹ ነገ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወይም ወደየክልሉ ቢሉት ያው ነው፥ ካርታና ፕላን ተሰጥቷቸው ይላካሉ፤ አንዳንዶቻችንም ተልከናል። ካርታው መልካም ነው፤ ካሚዮኑም ያስፈልጋል። ከመነሣታችን በፊት ግን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠን እናንብብ፤ ከደረስንም በኋላ መጀመሪያ የምናነጋግረው ሰው ውሃ የሚቀዳውን ይሁን። እርሱ ወርቁ የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል፤ ከዚያ ምድር በሕይወት መመለስን ግን ያውቃል።